«ዋን-ሆርስ ታውን» ሲሉ ከተማዋ አንድ ፈረስ ብቻ አላት ማለታቸው ነው?

ተርጓሚው

ሰላም ለዚህ ቤት። ለአንድ የድሮ ካውቦይ ፊልም የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። አንዱ ሰውዬ ከባቡር ይወርዳል፣ ባርኔጣውን ያራግፋል፣ ዙሪያውን ይቃኝና «በዚህች ዋን-ሆርስ ታውን ስንት ቀን ልንቀመጥ ነው?» ይላል።

ቃል በቃል ካስኬድኩት «ባለ አንድ ፈረስ ከተማ» ይሆናል። ችግሩ በዚያችው ቅጽበት ከመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ስድስት ፈረስ ታስሮ ይታያል። ተመልካቹ ከት ብሎ ይስቅብኛል።

ትንሽ፣ ምንም የሌላት ከተማ ማለት እንደሆነ ይገባኛል። ግን ነገሩ ከየት መጣ? እውነት አንድ ፈረስ ብቻ የነበራት ከተማ ነበረች? በአማርኛስ ምን ብለው ይሻላል? አንድ መስመር ላይ መግባት አለበት፤ ማብራሪያ የምጨምርበት ቦታ የለኝም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሰላም ተርጓሚው። እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። እዚህ ቃሉን ስሰማ በአብዛኛው ከሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንድ፣ ዕድሜያቸው ከገፋ ሰዎች። ሁለት፣ ከትንሽ ከተማ ከመጡ ሰዎች።

የከተማዋ ልጅ ራሱ ሲለው ስድብ አይደለም። «ያደግኩት ዋን-ሆርስ ታውን ውስጥ ነው» ካለህ፣ አንድ ማደያ፣ አንድ ምግብ ቤት፣ ሁሉም ሰው የሚተዋወቅባት ቦታ ማለቱ ነው። በናፍቆት ነው የሚያወራው። የውጭ ሰው ሲለው ግን ሌላ ነው። የሥራ ባልደረባዬ የዌስት ቨርጂኒያ ልጅ ነች። እሷ ስለ አገሯ ስታወራ በየደቂቃው ትለዋለች። አንድ የኒውዮርክ ልጅ ይህንኑ ቃል ሲወረውርላት ግን ምሳዋን ትታ ተነሳች።

ወጣቶቹ አሁን «ዋን-ስቶፕላይት ታውን» ይላሉ። ባለ አንድ የትራፊክ መብራት እንደ ማለት።

መዝገበ_ቃላት

ይሄ የኔ ሜዳ ነው፣ ትንሽ ታገሡኝ።

«ዋን-ሆርስ» መጀመሪያ ከከተማ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። የሠረገላ ቃል ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሠረገላ ከሚነገርባቸው መንገዶች አንዱ የሚጎትቱት ፈረሶች ቁጥር ነበር። ባለ ስድስት ፈረሱ የመኳንንት ነው። ባለ አራቱም የባለጸጋ። ባለ አንድ ፈረሱ ደግሞ ቀለል ያለ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ጎማ ያለው፣ ሐኪሙና ቄሱ የሚሄዱበት ነበር። ልብ በሉ፣ ይሄ ድህነት አይደለም። ድሃ በእግሩ ነው የሚሄደው። ያኔ «ዋን-ሆርስ» ማለት ዛሬ ኮንዶሚኒየም ስንፈልግ «ባለ አንድ መኝታ» እንደምንለው ዓይነት ነው። መጠን መናገር ብቻ።

ወደ ንቀት የዞረው አሜሪካ ውስጥ፣ በ1850ዎቹ ነው። (እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራውም ዓመት ሁሉ እንደዚያው።) ያኔም ቢሆን ለከተማ ብቻ አልነበረም። ዋን-ሆርስ ጠበቃ ይሉ ነበር፤ ደንበኛ የሌለው። ዋን-ሆርስ ባንክ፣ ዋን-ሆርስ ኮሌጅም ይሉ ነበር። ጠበቃውም ባንኩም ከአፍ ወጡ። ከተማዋ ብቻ ቃሉን ይዛ ቀረች።

ለምን በዚያን ጊዜ? የራሴን ግምት ልናገር። በ1850 አሜሪካ 9 ሺህ ማይል ገደማ የባቡር ሐዲድ ነበራት። በ1860 ወደ 30 ሺህ ደረሰ። ቺካጎ በ1850 ወደ 30 ሺህ ሕዝብ ነበራት፤ በ1860 ከ112 ሺህ በላይ። በአሥር ዓመት! ሐዲዱ የነካት ከተማ ታድጋለች፣ የዘለላት ባለችበት ትቀራለች። ያን ጊዜ ሰው ማወዳደር ይጀምራል። ትናንት በቂ የነበረች አንድ ፈረስ ዛሬ ታሳፍራለች። ቃሉን ያመረረው ባቡሩ ነው ባይ ነኝ።

ለፊልምህ የሚጠቅምህ ደግሞ ይሄ ነው። በ1880ዎቹ ማርክ ትዌይን በ«ሃክልቤሪ ፊን» ውስጥ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለችን ከተማ በዚሁ ቃል ነው የጠራት። ስለዚህ ሰውዬህ ከባቡር ወርዶ ይህን ቢል ዘመኑ ላይ ነው።

ቀልደኛው

ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው። መዝገበ ቃላት መጣ፣ እንግዲህ ሻይ አፍሉ።

የዝዋይ_ልጅ

😂😂 እኛ ከተማ በዚህ መለኪያ ብትሄድ ኒውዮርክ ነበረች እኮ። በልጅነቴ መናኸሪያው ጋ የቆመው ጋሪ አያልቅም ነበር። እያንዳንዱ ጋሪ ደግሞ በአንድ ፈረስ። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ነው የሳሳው።

ተርጓሚው፣ በቁም ነገር ግን «ባለ አንድ ፈረስ ከተማ» ብለህ ብትጽፍ እናቴ «ጋሪ ያለበት ከተማ ነው የሚለው» ብላ ታልፈዋለች። ንቀቱ አይደርሳትም።

አባ_ታጠቅ

እንዴት ይድረሳት? እኛ ዘንድ ሰው በአንዲት ፈረሱ ስም ነው የሚከበረው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። ፈረስ ያለው ሰው እንዴት ይናቃል? የፈረንጁ ነገር ግራ ነው።

መዝገበ_ቃላት (ለአባ_ታጠቅ)

የጦር ፈረስና የጋሪ ፈረስ ለየቅል ናቸው ወንድሜ። የእነሱ ቃል የመጣው ከጎታቹ ነው። ከተቀማጩ ቢሆን ኖሮ እንግሊዝኛውም እንደኛው ክብር ይሆን ነበር። እነሱም እኮ ሰውን በፈረስ ላይ አስቀምጠው ሐውልት ይሠሩለታል።

አስተማሪዋ

ሰላም ልጆች። እንግሊዝኛ አስተምራለሁና አንዲት የሰዋስው ነገር ላክል።

መሐል ላይ ያለችውን ጭረት አትናቋት። ሁለቱን ቃላት አስራ አንድ ቅጽል የምታደርጋቸው እሷ ናት። ጭረቷን ብታነሱት «አንድ የፈረስ ከተማ» ተብሎም ሊነበብ ይችላል። ማለትም ፈረስ የሚረባባት አንዲት ከተማ። ከዚያ ደግሞ እንዲህ ያለ ቅጽል ውስጥ ስሙ ብዙ ቁጥር አይወስድም። ሁለት ፈረስ ቢሆንም «ቱ-ሆርስ» ነው፣ መጨረሻው ላይ «ስ» አይጨመርም። ተማሪዎቼ ዕድሜ ሲናገሩ የሚስቱት እዚሁ ላይ ነው።

አማርኛ ይሄን ሥራ የሚሠራው በ«ባለ» ነው። ባለ ሦስት ፎቅ፣ ባለ አንድ ዓይን፣ ባለ ሁለት ስለት። ግን «ባለ» ባለቤትነትን ይዞ ይመጣል። ባለ አንድ ፈረስ ስትሉ ከተማዋ የፈረስ ባለቤት ሆነች። የእንግሊዝኛው ቃል ደግሞ፣ መዝገበ ቃላት እንዳለው፣ በአንድ ፈረስ የሚጎተት ማለት ነበር። ተርጓሚው የተቸገረው በዚህ ይመስለኛል።

ተርጓሚው

እትዬ አስተማሪዋ፣ በትክክል! ከተማዋን ፈረስ የሚጎትታት አድርጌ ማየት አልቻልኩም ነበር።

ጡረተኛው

እንደምን አመሻችሁ። ይሄን ክር ልጄ ነው ያሳየችኝ።

ያደግኩት ጎጃም፣ ገበሬ ቤት ነው። እኛ ዘንድ የሚታረሰው በጥማድ ነው። ሁለት በሬ። አንድ በሬ ያለው ሰው ብቻውን ማረስ አይችልም። እንደሱ አንድ በሬ ያለው ጎረቤት ይፈልግና ይቀናጃል። መቀናጆ ይባላል። ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የኔን። ዝናቡ ቶሎ ከመጣና ተራው የጎረቤት ከሆነ ቁጭ ብለህ ደመናውን ማየት ነው።

ስለዚህ «ባለ አንድ በሬ» የሚለው ቃል ያለ ምንም ስድብ ሙሉ ኑሮህን ይናገራል። ልጅ ለመዳር ሲታሰብ «ስንት በሬ አለው?» ይባላል። ጥማድ ራሱ የመሬት መለኪያም ነው። ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ያህል። አሜሪካኖቹም እንደኛው በእንስሳ ይለኩ ነበር ወይ? ብዬ ጠየቅኩ።

መዝገበ_ቃላት (ለጡረተኛው)

ጋሼ፣ እጅዎን ልሳም! ልክ እንደዚያው።

ከአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) በኋላ በደቡብ ግዛቶች፣ በጆርጂያ፣ በአላባማ፣ በካሮላይናዎቹ፣ እርሻ በእንስሳ ነበር የሚጠራው። «ዋን-ሆርስ ፋርም» በአንድ እንስሳ የሚታረስ። «ቱ-ሆርስ ፋርም» በሁለት። ስሙ ፈረስ ይበል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርሰው በቅሎ ነው። የአንድ ፈረሱ እርሻ በ30 ኤከር ዙሪያ ነው፤ ወደ 12 ሄክታር። እንደ አፈሩ ከፍም ዝቅም ይላል።

ከዚያ የሚመጣው የክፍያው ነገር ነው። በቅሎውን፣ ማረሻውንና ዘሩን ባለመሬቱ ካቀረበ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። አራሹ የራሱ በቅሎ ካለው ደግሞ ከበቆሎው አንድ ሦስተኛ፣ ከጥጡ አንድ አራተኛ ብቻ ይሰጣል። አስቡት እንግዲህ። በጥጡ ላይ ብቻ የአንዲት በቅሎ ዋጋ በየዓመቱ የምርትህ ሩብ ነው።

ከእነዚህ አራሾች ብዙዎቹ ከባርነት የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ጄኔራል ሸርማን በጥር 1865 ባወጣው ትእዛዝ በደቡብ ካሮላይና፣ በጆርጂያና በፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ ላይ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 40 ኤከር ተመድቦ ነበር። «40 ኤከርና አንድ በቅሎ» የሚባለው እሱ ነው። በዚያው ዓመት ፕሬዝዳንት አንድሩ ጆንሰን መሬቱን ለቀድሞዎቹ ባለቤቶች አስመለሱ። ሰዎቹ ወደ እኩል አራሽነት ገቡ። ለእነሱ አንዲት በቅሎ መቀለጃ አልነበረችም። ከተማ ተቀምጦ «ዋን-ሆርስ» እያለ የሚስቀው ሌላ ሰው ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን። የከተማው ስድብ ከዚህ ቀድሞ፣ ከጦርነቱ በፊት ነበር። ስለዚህ እርሻው ቃሉን ወለደ አትበሉ። ሲሠራበት ቆየ በሉ።

ጡረተኛው

እኩል፣ ሲሶ፣ እርቦ በለኛ ልጄ! ይሄንን እኮ እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው። በሬና ዘር ከማን እንደሆነ ታይቶ ነበር የሚካፈሉት። እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ ብዙ አገር እንደዚያው ነበር። እዚያ ማዶም አራሹ በአንድ እንስሳ ምክንያት ግማሽና ሩብ ሲቆጥር እንደኖረ አላውቅም ነበር።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ይሄ ክር ከፈረስ ተነስቶ መሬት ላራሹ ደረሰ። ወድጄዋለሁ።

ካሮል_ዘማሪ

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ካልወጣሁ፦ «ጂንግል ቤልስ» ላይ ያለው «ዋን-ሆርስ ኦፕን ስሌይ» ታዲያ ስድብ ነው? ልጆቼ ትምህርት ቤት ገና በመጣ ቁጥር ይዘምሩታል።

መዝገበ_ቃላት (ለካሮል_ዘማሪ)

አይደለም። እዚያ አሮጌው ትርጉም ነው ያለው፤ በአንድ ፈረስ የምትጎተት፣ ጣሪያ የሌላት የበረዶ መንሸራተቻ። መዝሙሩ በ1857 ቦስተን ውስጥ ሲታተም ርዕሱ ራሱ «ዋን ሆርስ ኦፕን ስሌይ» ነበር። «ጂንግል ቤልስ» የተባለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ግጥሙ ውስጥ ስለ ገና አንድም ቃል የለም፤ ወጣቶች ሴት ልጅ ጭነው በበረዶ ላይ ስለሚሽቀዳደሙበት ነው። ለሁለት ሰው ባለ አንድ ፈረሷ ነች የምትመቸው። ባለ አራት ፈረስ ይዞ ማን ይሽኮረመማል?

ቀኑን ግን እዩት። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ አንዱ «ዋን-ሆርስ» እያለ በደስታ ይዘምራል፣ ሌላው ባንኩን ይሰድብበታል። ሁለቱ ትርጉሞች ጎን ለጎን ሲሄዱ ነበር።

ሂሳብ_ሹም

ተራዬ ይመስለኛል። እኛ የሂሳብና የኢኮኖሚክስ ሰዎች «ዋን-ሆስ ሼይ» የሚባል ነገር አለን። «ሆስ» ያው ሆርስ ነው በአሜሪካ ገጠር አነጋገር፤ «ሼይ» ደግሞ ቀላል ሠረገላ። በ1858 ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ የጻፈው አስቂኝ ግጥም አለ። አንድ ዲያቆን ሠረገላ ይሠራል። ሠረገላ የሚበላሸው ሁልጊዜ በደካማው ክፍሉ ነውና፣ እሱ ደካማ ክፍል የሌለው ሊሠራ ያስባል። ሁሉም ክፍል እኩል ጠንካራ። ሠረገላዋ ልክ 100 ዓመት ሠርታ፣ በዕለቱ፣ ሁሉም ነገሯ በአንዴ ዱቄት ሆነ።

እኛ ከእርጅና ቅናሽ ዓይነቶች አንዱን በእሷ ስም እንጠራዋለን። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ የማይደክም፣ እስከ መጨረሻው ቀን ሙሉ አገልግሎት ሰጥቶ በአንዴ የሚያበቃ ንብረት። አምፖል የተለመደው ምሳሌ ነው። ከከተማው ጋር አይገናኝም፣ ግን ስሙን ሳይ አላስቻለኝም።

ቀልደኛው

የኔም ደመወዝ ዋን-ሆስ ሼይ ነው። በወሩ መጀመሪያ በአንዴ ያበቃል።

ኳስ_አፍቃሪ

እኔ ሁሌም የምሰማው «ዋን-ሆርስ ሬስ» ነው፣ ከኳስ ተንታኞች። እሱም ትንሽ ውድድር ማለት ነው?

አስተማሪዋ (ለኳስ_አፍቃሪ)

አይ የኔ ልጅ፣ እሱ ሌላ ነው። አሸናፊው ከወዲሁ የታወቀ ውድድር ማለት ነው። አንዱ ፈረስ ብቻ ስለሚሮጥ። ቅጽሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ስሙ ሲለወጥ ትርጉሙ ይገለበጣል። ከተማ ላይ አንድ ፈረስ ድክመት ነው፤ ሩጫ ላይ አንዱ ፈረስ ኃያሉ ነው። ተማሪዎቼን በፈተና የማስጨንቀው በዚህ ነው።

ኳስ_አፍቃሪ

ገባኝ ቲቸር። ባየርን ሙኒክ ከ2013 እስከ 2023 በተከታታይ 11 ጊዜ ሲበላ ቡንደስሊጋው ዋን-ሆርስ ሬስ ነበር ማለት ነው። ስኮትላንድ ደግሞ ቱ-ሆርስ። ከ1986 እስከ 2025 ከሴልቲክና ከሬንጀርስ ሌላ ዋንጫውን የነካ የለም።

የድሬ_ልጅ

አቦ ባቡር ሲነሳ እኔን አትጥሩኝም? ተርጓሚው፣ ሰውዬህ የወረደው ከባቡር ነው ብለሃል። እንግዲያ በዚያው ቤት ያሉትን ሌሎቹንም ስማ፤ ፊልሙ ውስጥ መምጣታቸው አይቀርም።

«ጀርክዎተር ታውን» የሚባል አለ። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ካልጠጣ አይሄድም። የውሃ ማማ በሌለበት ቦታ ሠራተኞቹ ወርደው ከወንዝ በባልዲ እየጎተቱ ይሞሉት ነበር። ባቡሩ ለውሃ ካልሆነ በቀር የማይቆምባት ከተማ በዚህ ስም ተጠራች። ከ«ዋን-ሆርስ» ይብሳል፣ ምክንያቱም ሰው የሚወርድባት እንኳ አይደለችም።

«ዊስል-ስቶፕ» ደግሞ መደበኛ ማቆሚያ የሌላት፣ ሰው ካለ ብቻ በፉጨት ምልክት የሚቆምባት ናት። እሱ የታወቀው በ1948 ነው። ፕሬዝዳንት ትሩማን በባቡር እየዞሩ በየጣቢያው ከኋለኛው ፉርጎ ላይ ሆነው ይናገሩ ነበር። ሴናተር ታፍት «በየዊስል-ስቶፑ ኮንግረሱን ይሳደባል» ብለው ከሰሱ። ዴሞክራቶቹ አሪፍ ነገር አደረጉ። ለየከተማው ቴሌግራም ላኩ፦ ሴናተሩ ከተማችሁን እንዲህ ብለዋታል፣ ምን ትላላችሁ? ከተሞቹ ተቆጡ። ትሩማን ምርጫውን አሸነፉ። አየህ፣ ስድቡ ለሰዳቢው ዞረ።

መዝገበ ቃላት ስለ ሐዲድ ያለው ደግሞ እኛም አለን። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ሐረርን ትቶ በታች በኩል አለፈ፤ ተራራው አስቸገረው። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ተወለደች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ግን ሐረርን ዋን-ሆርስ የሚላት ካለ ይምጣ፣ ወላሂ አብረን እንከሰዋለን!

ካሊፎርኒያ_ነዋሪ

አንድ ነገር ላቅርብ። መዝገበ ቃላት ቃሉ ከሠረገላ ነው ይላል። እሺ። ግን እዚህ በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ሻስታ ካውንቲ ውስጥ፣ በወርቅ ጥድፊያው ዘመን «ዋን ሆርስ ታውን» የሚል ስም የነበራት የወርቅ ቆፋሪዎች ሰፈር ነበረች። ክሊር ክሪክ ዲጊንግስም ይሏት ነበር። በኋላ «ሆርስታውን» ተባለች። አሁን ከተማዋ የለችም፤ ቦታው የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ነው፣ ስሙን ይዞ ቀርቷል። ቃሉ ከእሷ አልወጣም?

መዝገበ_ቃላት (ለካሊፎርኒያ_ነዋሪ)

ጥሩ ማስረጃ ነው፣ ግን ወዴት እንደሚያመለክት ጠንቀቅ እንበል። አንዲት ሰፈር ስያሜውን የሰጠች ብትሆን ባንኩና ጠበቃው ከየት መጡ? ጠበቃ እኮ ከካሊፎርኒያ ሰፈር ጋር ምን አገናኘው? ቃሉ በብዙ ነገር ላይ በአንድ ዘመን መገኘቱ ከጋራ ነገር እንደመጣ ይነግረኛል። ያ የጋራ ነገር ደግሞ በየደጁ የነበረው ሠረገላ ነው። ቆፋሪዎቹ አገር ምድሩ የሚያወራበትን ቃል ለሰፈራቸው ቢሰጡ አይደንቅም። የወርቅ ሰፈሮች ስም ሲያወጡ ቀልድ ይወዱ ነበር።

ካሊፎርኒያ_ነዋሪ

እኔ ግን አሁንም ልቤ አልተቆረጠም። ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

መዝገበ_ቃላት

ይቻላል። ክሱን ክፍት አድርገነው እንሂድ።

ተርጓሚው

ቤቱ ይባረክ። ታሪኩን ጠገብኩ። አሁን ቃሉን ስጡኝ። እስካሁን ያሰብኳቸው፦ «ጭር ያለች ከተማ»፣ «ወፍ የሌላት ከተማ»፣ «ይቺ ክፍለ ሀገር»።

የዝዋይ_ልጅ

«ክፍለ ሀገር» እንዳትል! እኛን ነው የምትሰድበው 😤 የአዲስ አበባ ልጅ ከቃሊቲ ያለፈውን ሁሉ «ክፍለ ሀገር» እያለ የሚያንቋሽሸው አንሶን ነው? ሐዋሳም፣ ባሕር ዳርም፣ አንዲት ኬላም እኩል ክፍለ ሀገር።

አባ_ታጠቅ

«ባላገር» ራሱ የአገር ባለቤት ማለት ነበር። ከተሜው አፍ ውስጥ ገብቶ «ፋራ» ሆኖ ወጣ። ነገሩ የትም ያው ነው።

አስተማሪዋ

«ጭር ያለች» አይሆንም። ጭርታ የሰው መጥፋት ነው። ፊልሙ ላይ መጠጥ ቤቱ ደጃፍ ስድስት ፈረስ ታስሯል አላልክም? «ወፍ የሌላት»ም ያው ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የሠፈር ወሬ ነው፤ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ አፍ ላይ አይቀመጥም።

የድሬ_ልጅ

«በአንድ አስፋልት የምታልቅ ከተማ»? በእኛ አገር ስንቱ ከተማ አንድ አስፋልት መሐሉን ሰንጥቆት ያልፋል፣ ግራና ቀኝ ሱቅ፣ በቃ አለቀ። ማንም ይገባዋል።

ተርጓሚው

ቆንጆ ነው። ግን አቧራ ላይ ነው የቆሙት፤ አስፋልት ከየት ላምጣ? ደግሞ ይረዝማል።

ጡረተኛው

«እፍኝ የማትሞላ ከተማ» በለው። ለሰውም ለከብትም ለገንዘብም እንለዋለን። እፍኝም እንደ ጥማዱ መለኪያ ነው። ንቀቱም አለበት፣ ብልግና ግን የለበትም።

መዝገበ_ቃላት

ጋሼ ጨረሱት።

አስተማሪዋ

እኔም ድምፄን ሰጥቻለሁ። ፈረሶቹም እንደታሰሩ ይቆዩ፤ ማንም አይቆጥራቸውም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

የድምፁ ነገር ብቻ ይታይ። የከተማዋ ሰው ከሰማው መቆጣት አለበት። ይቆጣል?

ተርጓሚው

ይቆጣል እንጂ! ቀጥሎ ያለው ትዕይንት እሱ እኮ ነው፤ የሆቴሉ ባለቤት ሰምቶ ሻንጣቸውን አልሸከምም ይላል። እንግዲህ «በዚች እፍኝ በማትሞላ ከተማ ስንት ቀን ልንቀመጥ ነው?» አልኩት። አንድ መስመር ላይ ልክ ገባ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አንዲት ብቻ ቀረችኝ። ከደቂቃዎች በኋላ ይኸው ሰውዬ «ዋን-ሆርስ ሸሪፍ» ይላል። መዝገበ ቃላት ያልከው የጠበቃው ዓይነት መሆኑ ነው። «እፍኝ የማይሞላ ሸሪፍ» ልበለው?

የዝዋይ_ልጅ

ሸሪፉ ምን ያህላል?

ተርጓሚው

ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው።

ጡረተኛው

እንግዲያው «የስም ሸሪፍ» በለው።